አንድ ሰው የቀረው አልበም

እስቲ ንገሩኝ፦ ዛሬ ጠዋት አንድ ዳቦ ለመግዛት ስንት አለቃ አመሰገናችሁ?

አትዋሹ። እኔም ሰልፉ ላይ ነበርኩ። ዳቦው የገባበት ከረጢት አፍ አውጥቶ መጀመሪያ ዱቄት ፋብሪካውን ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የፋብሪካውን ሥራ አስኪያጅ፣ ቀጥሎ ስንዴው ባለፈበት መንገድ ኬላ የጠበቀውን መሥሪያ ቤት፣ በመጨረሻም የመሥሪያ ቤቱን የበላይ ኃላፊ «ስላሳዩት ቁርጠኛ አመራር» ያመሰግናል። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ዳቦውን አይለቅም። ትኩስ ዳቦ የሚባል ነገር ከአገር የጠፋው በዚህ ነው። ሠርግ ቤት ብትሄዱ ሙሽሮቹ እህል የሚቀምሱት ምስጋናው ተነቦ ሲያበቃ ነው፤ ባለፈው ጥር እዚሁ ደሴ ውስጥ አንዲት ሙሽራ ገና የውሃና ፍሳሽ ኃላፊው ሲመሰገኑ እንቅልፍ ወስዷት በቬሎዋ አንኮራፍታለች። ለቅሶ ቤትም ያው ነው። ድንኳኑ አመስግኖ፣ ወንበሩ አመስግኖ እስኪጨርስ ሬሳው ይጠብቃል። ሬሳ ታጋሽ ነው። እኛ ግን በሕይወት ሳለን ይህን ትዕግሥት ከየት አመጣነው?

ነገሩ የተጀመረው በአያቶቻችን ዘመን፣ በምስክር ወረቀት ነበር አሉ። ስብሰባ በተደረገ ቁጥር መድረክ ላይ ለወጣ ሁሉ በመስታወት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ይታደላል፤ ሰውየው ወስዶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለዋል። ማንን ጎዳ? ማንንም። ከዚያ ወረቀቱ ለደረጃ እድገት ማወዳደሪያ ሆነ። ከዚያ መመሪያ ወጣለት። ዛሬ፣ በ2094 ዓመተ ምሕረት፣ የምስጋና ምዝገባ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አለን፤ ሰው የሚሾመው በስሙ በተመዘገበው ምስጋና ብዛት ነው። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ደግሞ አንድም የተመዘገበ ምስጋና የሌለው ሰው በአደባባይ ቆሞ መሥራት አይችልም። እንዲህ ያለው ሰው «ምስጋና አልባ» ይባላል።

ደንቡ ሲወጣ ያደረግኩት እናንተ ያደረጋችሁትን ነው፤ አነበብኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሻዬን ጠጣሁ። ጥርስ እንዳለው ያየሁት በሦስት ተማሪዎች ክሊፕ ምክንያት ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለመመረቅ ዘፈን፣ ክሊፕና የአልበም ሽፋን ሠርቶ ያቀርባል። እነዚህኞቹ ሦስት ሆነው ተቧደኑ። ሂክማ ይማም ትዘፍናለች፣ ታዛለች፣ ትጨቃጨቃለች። አቤኔዘር ይቀርጻል፣ ይቆራርጣል። ትንቢት ሽፋኑን ትሠራለች፤ ብዙ አታወራም፣ ስታወራ ግን የሚጎዳ ሰው አይጠፋም። ዘፈኑ ስለ ታክሲ ተራ ነው፤ አዝማቹንም ያገኙት ከያሲን ነው።

ያሲንን ደሴ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። የከተማው ታክሲዎች ያለ ሾፌርና ያለ ረዳት መሄድ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ የሚሄዱበት ግንባራቸው ላይ ስለሚጻፍ ጠሪ አያስፈልጋቸውም። ያሲን ግን ይጠራል። «ገራዶ! ገራዶ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ታክሲው ባዶ ነው። ባዶ መሆኑን ሁሉም ያያል። ሆኖም የገራዶ ሰው ሁሉ ይሮጣል። ዓይኑ የደከመ፣ ፊደል ያልቆጠረ፣ ልጅ ያዘለች፣ ከገጠር ገና የደረሰ፣ ሁሉም በዚያ ጉሮሮ ነው መንገዱን የሚያገኘው። ሲሳፈሩም «ተባረክ!» ይሉታል፤ «አላህ ይጨምርልህ!» ይሉታል። እሱም የአሳዳጊዎቹ ልጅ ነውና «ኧረ ምን አደረግኩና!» ብሎ ይመልሳል።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተራው መሐል የቆመው የባለሥልጣኑ መዝጋቢ ምሰሶ ሁሉንም ይሰማል። የደንቡ አንድ አንቀጽ «የተመስጋኙ የመጀመሪያ ቃል የመጨረሻ ቃሉ ነው» ይላል። ተመስጋኙ «ይገባኛል» ካለ ምስጋናው ይጸድቅለታል፤ «ምን አደረግኩ» ካለ ውድቅ ይሆንና ለቅርብ አለቃው ይተላለፋል፤ አለቃው ባይመራው ኖሮ የበታቹ መቼ ይሠራ ነበር? ስለዚህ ለያሲን በየቀኑ የሚጎርፈው ምስጋና በሙሉ የሚገባው ለተራው ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ሙሉሰው ነው። አቶ ሙሉሰው ቢሮው ተቀምጦ በጣቱ «ይገባኛል»ን ይጫናል። በምስጋና ብዛት ከከተማው አንደኛ ነው። ምስጋናው ከየት እንደሚፈስለት ግን ጠይቆ አያውቅም፤ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ ያሲን በምስጋና አልባነቱ ከመስከረም ጀምሮ ከተራው እንዲነሳ የሚያዘውን ወረቀት ባልፈረመ ነበር።

ልጆቹ ይህን የሰሙት በቀረጻው መሐል ነው። የክሊፑ እቅድ ቀላል ነበር፦ ተማሪዎች አንድ ታክሲ ሞልተው ይቀመጣሉ፣ አንድ ወንበር ባዶ ይቀራል፣ ያሲን በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጠራል፣ ሂክማ ትዘፍናለች። ያሲን ከታክሲው ወርዶ ላቡን እየጠረገ «ቶሎ ጨርሱ እንግዲህ፤ ከመስከረም ወዲህ አታገኙኝም» አላቸው።

«ሐጅ ሊሄዱ ነው?» አለ አቤኔዘር።

«የት ሐጅ! ምስጋና አልባ ነህ ብለውኝ ነው።»

ሂክማ ወዲያው መፍትሔው ታያት። ሽፋኑ ላይ የምስጋና ገጽ አለ። የያሲንን ስም እዚያ ላይ ማስፈር፤ አንድ ምስጋና፣ አንድ ብቻ፣ ይበቃዋል።

ሽፋኑን ይዘው የባለሥልጣኑ ቅርንጫፍ ሄዱ። ሽፋን የሚመረምሩት ወይዘሮ እቴነሽ ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሳጥኑን አገላበጡት። የትንቢት ሥራ እንዲህ ነው፦ መዳፍ የምታህል ሳጥን፣ ፊቷ ላይ የያሲን አፍ ተበርግዶ፣ አፉን ስትከፍቱት ዘፈኑ ይወጣል።

«ይሄ አፍ ምንድን ነው?» አሉ ወይዘሮ እቴነሽ።

«የጋሼ ያሲን ነው» አለች ትንቢት።

«ደስ ይላል። ግን አጥብቢው። ምስጋናው አልገባም።»

«የማን ምስጋና?»

ወይዘሮ እቴነሽ መጥራት ጀመሩ። የተራው ሥራ አስኪያጅ። የከተማው ትራንስፖርት ኃላፊ። የኃላፊው ኃላፊ። እሳቸው ራሳቸው ስለ ምርመራው። መብራት።

«በቀን ነው የቀረጽነው፤ በፀሐይ» አለ አቤኔዘር።

«ለፀሐዩም የአየር ጠባይ ቢሮ አለ፣ ልጄ።»

ምስጋናው ሲደመር ከዘፈኑ አምስት እጥፍ ረዘመ። ሂክማ ጥርሷን ነክሳ «ጋሼ ያሲንስ?» አለች።

«ይግቡ፤ ከታች፣ መጨረሻ ላይ። ሁሉም ታዲያ ይገባኛል ማለት አለባቸው፤ በአካል ወይም በጽሑፍ። ሁሉም መልስ ሳይሰጥ ሽፋኑ አይታተምም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየውን በደንብ አለማምዷቸው» አሉ።

አለማመዱት። ምሰሶው ከማይሰማበት ከታክሲዎቹ ጀርባ ወስደው አቆሙት።

«ጋሼ፣ እኔ አመሰግናለሁ ስል እርስዎ ይገባኛል ይላሉ። አለቀ» አለች ሂክማ።

«ይገባኛል» አለ ያሲን፣ ለታክሲው ጎማ።

«ጎበዝ! አሁን ለእኔ።»

«አንቺን እያየሁማ እንዴት ብዬ? ነውር አይደል እንዴ?»

«ጋሼ! ሥራዎን እኮ ሊነጥቁዎ ነው!»

«አጣሁት መሰለሽ? እቤቴም ስለማመድ ነው የሰነበትኩት። ሚስቴ ይገባኛል ይገባኛል ስል ሰምታ ውርስ የምካፈል መስሏት ወንድሞቿን ጠራችብኝ።»

እስኪሰለቸው ደጋገሙት። በመጨረሻ የሂክማን ጫማ እያየ «ይገባኛል» አላት። የክፍላቸው ልጆች በሙሉ አጨበጨቡ።

የማረጋገጫው ቀን ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው ተሰለፉ። አቤኔዘር ካሜራውን አስተካከለ። ሂክማ ምሰሶው ፊት ቆማ፣ እጅ ነስታ፣ «ጋሼ ያሲን፣ ለዘፈናችን ድምፅዎን ስለሰጡን ከልብ እናመሰግናለን» አለች።

ያሲን አፉን ከፈተ። ዕድሜውን ሙሉ በባዶ ታክሲ ላይ «አንድ ሰው የቀረው» ሲል አንድም ቀን ያልተደናቀፈ አፍ ነው። ውሸቱን እንደ ውሃ ያወርደዋል። ይህቺ አንዲት እውነት ግን ጉሮሮው ላይ ቆመች።

«ኧረ የኔ ልጅ! እኔ ምን አደረግኩና! ድካሙ የናንተ!»

ምሰሶው ጮኸ። «ምስጋናው ውድቅ ተደርጓል። ለቅርብ አለቃ ተላልፏል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።»

«ምንም አይደል» አለው ያሲን፣ ለምሰሶው።

ከዚያ ምን እንዳደረገ ገባውና ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ። ሂክማ ምሰሶውን በእርግጫ ብላ እግሯን አሳመመች። ያሲን ከባርኔጣው ሥር «ተዉት ልጆቼ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛው» ይላል፤ ይህን ሰው ነው እንግዲህ አገሩ ምስጋና የማይገባው ብሎ የመዘገበው! እኔ የምናደደው እዚህ ላይ ነው። ይሉኝታ ያለው ሰው ሁሉ የሚወድቅበት፣ ይሉኝታውን ሸጦ የበላ ሁሉ የሚያልፍበት ፈተና አውጥተን፣ ያለፉትን አለቃ አድርገን፣ የወደቁትን ከተራ እናስነሳለን። ይህን ደንብ ያረቀቁት ደግሞ መሃይሞች አይደሉም። ዲግሪያቸውን ደርድረው የሚቀመጡ ናቸው።

የተናገረችው ትንቢት ናት። «አቶ ሙሉሰውስ?» አለች።

«እሱ ምን?» አለች ሂክማ እግሯን እያሸች።

«እናት የለውም? ማን አሳደገው?»

ሁለቱ አፍጥጠው አዩዋት።

«በጽሑፍ ስትልኪለት በጣቱ ይጫናል። ፊቱ ቆመሽ፣ በሁለት እጅሽ ጨብጠሽ ብታመሰግኚውስ? በአካልም ይቻላል ብለዋል እኮ እትዬ እቴነሽ።»

አቤኔዘር ካሜራውን ዳግመኛ ከፈተ። የመጀመሪያው ክሊፕ እዚያ ላይ ሞተ፤ ሁለተኛው ተወለደ።

አቶ ሙሉሰው ቢሮው ውስጥ ወንበሩን አሽከርክሮ ተቀበላቸው። ኮሌታው ላይ የባለሥልጣኑ መዝጋቢ እንደ ቁልፍ ተሰፍቷል። ሂክማ ጎንበስ ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘች። «አባባ፣ ሥራዎን ትተው በርዎን ስለከፈቱልን፣ እንደ ልጆችዎ ስላዩን፣ በጣም እናመሰግናለን፤ እግዜር ይስጥልን።»

እንዲህ በአካል ያመሰገነው ሰው ምናልባት ከሹመቱ ወዲህ አልነበረም። ፊቱ በራ። ልቡ ራሰ። እናቱ ያስተማረችው ቃል፣ ከሹመቱ ሥር፣ ከደረጃው ሥር፣ ከልጅነቱ ተነስቶ መጣ።

«ኧረ ምንም አይደል ልጆቼ! ምን አደረግንና!»

ጥ! አለ ኮሌታው። «ምስጋናው ውድቅ ተደርጓል። ለቅርብ አለቃ ተላልፏል።»

ያንን ፊት ክሊፑ ላይ አይታችሁታል። ፈገግታው ገና አልሄደም፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ሄዷል። አቤኔዘር እዚያው ላይ ቆርጦ ያሲንን አስገባበት፦ «አንድ ሰው የቀረው!»

የሽፋኑ ምስጋና በአንድ መዝገብ ስለተያዘ፣ የአቶ ሙሉሰው ምስጋና፣ የያሲንም ጭምር፣ ተያይዘው ወደ ትራንስፖርት ኃላፊው ወጡ። ልጆቹም ተከትለው ወጡ። ኃላፊው «ምን ቁም ነገር ሠራሁና» አሉ፤ ጥ። የኃላፊው ኃላፊ «ግዴታዬ እኮ ነው» አሉ፤ ጥ። የአየር ጠባይ ቢሮ ሰውዬ ደግሞ የባሱ ጨዋ ነበሩ፤ ከወንበራቸው ተነስተው «ኧረ በፈጣሪ! ፀሐዩ የሱ ነው!» አሉ፤ ጥ። የመብራቱ ሰው ነገሩን ከሩቅ ሰምቶ አፉን በመሃረብ ይዞ ነበር የተቀበላቸው። ሂክማ አመስግናው ጨርሳ፣ ዞራ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ተሰናከለች። «እኔን!» ብሎ ሮጦ አነሳት። «አመሰግናለሁ» አለችው ከወለሉ ላይ። «ምንም አይደል» አላት። ጥ። መሰናከሏ እውነት ነው ወይስ ተንኮል? ጠይቄያት ነበር፤ እግሯን ምሰሶው እንደጎዳት ብቻ ነው የነገረችኝ።

መጨረሻ ላይ ወይዘሮ እቴነሽ ቀሩ። እሳቸው ደንቡን በቃላቸው የሚያውቁ፣ ስንቱ ይሉኝታ ሲወድቅ በዓይናቸው ያዩ ሴት ናቸው። ልጆቹ ገና ሲገቡ ካሜራውን አዩ፤ ገባቸው። ሂክማ ጎንበስ ብላ «እትዬ፣ ሽፋናችንን ስላዩልን እናመሰግናለን» አለች። ወይዘሮ እቴነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። ለደረጃ እድገት አንድ ምስጋና ብቻ ነበር የጎደላቸው፤ ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ኮሌታቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ አፋቸው አስጠጉትና፣ መዝጋቢው እንዳይሳሳት አንድ በአንድ ለይተው፣ «ምን፣ አደረግኩላችሁና» አሉ።

ጥ።

«ያሲን ነው በልጅነቴ ገራዶ ያሳፈረኝ» አሉ ቀጥለው። «አሁን ሂዱ፣ ሥራ አለብኝ።»

እዚህ ላይ የከተማችን ምሁራን ተቆጡ። «ልጆቹ ታላላቆቻቸውን አዋረዱ» ተብሎ ተጻፈ። እንዴት አድርገው? ሰደቡ? አልሰደቡም። ሰረቁ? አልሰረቁም። እጅ ነስተው አመሰገኑ! ጎበዝ፣ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሲያመሰግነው የሚዋረድ ሹም ከሆነ ያለን፣ ውርደቱን ከልጆቹ ሳይሆን ከወንበሩ ፈልጉ። እኔ በዚያ ክሊፕ ያየሁት ሌላ ነገር ነው። እነዚያ ሰዎች ሁሉ ውስጣቸው ገና ሰው አለ። «ምን አደረግኩና» የሚለው ያ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ በጣት መጫኛ ሸፍኖት ነበር እንጂ አልሞተም። ልጆቹ ባይገልጡት ኖሮ ማን ይገልጠው ነበር? እናንተ ምሁራኑ?

አሁን ሳጥኖቹ ታትመዋል፤ መልስ ሁሉም ሰጥቷልና ወይዘሮ እቴነሽ ማኅተሙን ነፍገው ማቆየት አልቻሉም። የያሲን አፍ በሙሉ ስፋቱ ተበርግዷል፤ የሚያጠብበው ስም የለም። ስትከፍቱት «ለዚህ ሥራ ምስጋና የሚገባው» ይላል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል፤ ዝምታው ሲበዛባችሁ ከውስጥ «አንድ ሰው የቀረው!» የሚል ጩኸት ይወጣል። ደሴ ውስጥ ይህን ሳጥን ያልያዘ ተማሪ የለም። ዳቦ ሰልፉ ላይ እንኳ ከረጢቱ ማመስገን ሲጀምር አንዱ ሳጥኑን ይከፍትበታል።

ምስጋናዎቹስ? ከአለቃ ወደ አለቃ እየወጡ፣ ማንም «ይገባኛል» ሳይላቸው፣ ሰንሰለቱ ወደሚያበቃበት ደርሰዋል። ደንቡ ሰንሰለቱ ሁሉ በባለሥልጣኑ ዋና ዳይሬክተር፣ በክቡር ዶክተር አውላቸው ገብረየስ እንደሚያበቃ ይናገራል፤ ከእሳቸው በላይ የሚተላለፍበት የለም። እንዲህም የሚል የመጨረሻ አንቀጽ አለው፦ «አለቃ የሌለው ተመስጋኝ ምስጋናውን ውድቅ ካደረገ፣ ምስጋናው ወደ መጀመሪያው ተመስጋኝ ተመልሶ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይጸድቃል።» ይህን አንቀጽ የጻፉት ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ይሠራል ብለው ስላላሰቡ ነው።

የያሲን ምስጋና እንግዲህ አዲስ አበባ፣ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ምን አደረግኩና» ካሉ ያሲን ተራው ላይ ይቆማል። «ይገባኛል» ካሉ ያሲን ይነሳል፤ እሳቸውም ከሥራ አስኪያጅ እስከ ኃላፊ ምስጋናው ከደረሰው ሰው ሁሉ መካከል ያላደረጉትን ይገባኛል ያሉ ብቸኛው ሰው ይሆናሉ። ስለዚህ ዝም ብለዋል። ክሊፑ ከወጣ ወዲህ በአካል ለማንም አይናገሩም አሉ፤ ሰላምታ እንኳ በአንገት ነው። ጸሐፊያቸው «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ትላለች። መስከረም ግን እየመጣ ነው፤ መስከረም በሂደት ላይ አይቆይም። ዝምታቸው ያሲንን ያስነሳዋል፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

ያሲን ትናንትም እየጠራ ነበር። ድምፁ ሰልሏል። አንዲት እናት «ተባረክ» ስትለው አፉን ከፍቶ፣ ምሰሶውን አየት አድርጎ፣ ዘጋው፤ ከዚያ ደግሞ አላስቻለውም። «ምን አደረግኩና» አላት።

ክቡር ዶክተር አውላቸው፣ የምጽፈው ለእርስዎ ነው። በጽሑፍ አይመልሱልኝ፤ በጸሐፊም አይላኩብኝ። ደሴ ይምጡ። ተራው ላይ፣ ምሰሶው ፊት፣ ያሲንን ዓይን ዓይኑን እያዩ ይቁሙ። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ያመሰግኑዎታል፤ ካሜራው ክፍት ነው፤ የገራዶ ሰው ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ለሕዝብ ጮክ ብለው ይናገሩ፦ ለእርስዎ ይገባዎታል? አዎን ወይስ አይደለም?